በመሐረብ የተቋጠረ ፀጉር

ትናንት ጠዋት በባዶ እግሬ ፀጉር ረገጥኩ። የልጄ መታጠቢያ ቤት ውስጥ፣ የውኃ መውረጃው አፍ ላይ፣ እፍኝ የሚሞላ ጥቁር ፀጉር ረጥቦ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ጎንበስ ብዬ አነሳሁት። ወገቤ ጮኸ፤ ይጩህ። ሕይወትን ጠራኋትና «ይኼ ምንድነው?» አልኳት። አንድ እግሯን ጫማ ውስጥ ከታ፣ ሻይዋን ቆማ እየጠጣች፣ «አባዬ ደግሞ! ፀጉር ነዋ። ትንሽ ስትረስ ነው፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው፤ ደህና ነኝ» አለችኝ። ከዚያ ድንገት አንገቷን ቀና አድርጋ «ስልኬ ጠራ እንዴ?» አለች። አልጠራም። ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ጸጥ ብሎ ተቀምጧል። ልጄ የምትሠራው ቀኑን ሙሉ የሰው ስልክ የሚነሳበት ቤት ነው፤ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ለጥፋ የማታውቀውን ሰው ቁጣ ስትሰማ ትውላለች፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ሌላ ቦታ ትሠራለች። «አልጠራም» አልኳት። «የጠራ መሰለኝ» ብላኝ ወጣች። እኔ ያን እርጥብ ፀጉር ይዤ ቆሜ ቀረሁ። መቆሙን እዚህ ቆሜያለሁ፤ ልቤ ግን ሪያድ ሄዷል፤ ሙረባዕ ሰፈር፣ ከደረጃ ሥር ያለችው ክፍሌ ውስጥ ገብቷል።

ብዙ የተማርኩ ሰው አይደለሁም፤ ፊደል የቆጠርኩት ጎልማሳ ሆኜ በመሠረተ ትምህርት ነው። አሳምሬ መናገር አልችልበትም፤ ያየሁትን ግን አይቻለሁ። ሪያድ ሐሪስ ነበርኩ። ሐሪስ የሕንፃ ጠባቂ ነው፤ በስሙ ጠባቂ ይባል እንጂ ደረጃ ጠራጊም፣ መኪና አጣቢም፣ ጋዝ ተሸካሚም፣ አምፖል ቀያሪም እሱ ነው። ሕንፃችን ከከተማው ሙዚየም ብዙ ሳይርቅ፣ ባለ መስመሩ የውኃ ማማ ከጣሪያው ላይ የሚታይበት፣ ሦስት ፎቅ ያለው አሮጌ ቤት ነበር። ዘመኑ ሐበሻ ከየመንገዱ እየታፈሰ የተባረረበት ሰሞን ካለፈ በኋላ ነው፤ ኢቃማችንን፣ ያችን የመኖሪያ ወረቀት፣ በላስቲክ ጠቅልለን ደረት ኪሳችን ውስጥ ይዘን፣ አንገታችንን ደፍተን የቀረንበት ጊዜ። ግን አልዋሽም፣ ከተማውን እወደው ነበር። ዓርብ ከሰዓት በኋላ የሦስት ሰዓት ፈቃድ ነበረኝ። ቡናማውን የክረምት ቶቤን፣ ያን ረጅም የዓረብ ቀሚስ፣ ለብሼ፣ በላዩ ላይ ካገር ቤት የመጣውን ኮቴን ደርቤ፣ በሁለት ሪያል በአሮጌዋ ሚኒባስ ባጥሐ ገበያ እወርዳለሁ። ታሚስ የሚሉት ዳቦ እንደ ሰፌድ ሰፍቶ፣ ከምድጃው ሲወጣ እጅ እያቃጠለ፣ በአንድ ሪያል። ሻይ በወተት አንድ ሪያል። ከድልድዩ ወዲያ ጠባቧ ሱቅ ውስጥ ያገራችን ልጅ የስልክ ሜሞሪ ላይ ዘፈን ይጭናል፤ መዝሙሩንም መንዙማውንም የወሎውን ትዝታም በአንድ ካርድ አጭቆ በአሥር ሪያል። መዝሙር ሲጠብቁ መንዙማ ይመጣል፣ ማንም አይቆጣም። መንገዱ ላይ «ወንድሜ እንዴት ነህ?» «ደህና ነኝ።» «እህቴ ደህና ነሽ?» «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ።» አገር ቤት ስንደውልም «ደህና ነኝ።» ያን ሁሉ ዓመት አንድ ሐበሻ «ደህና አይደለሁም» ሲል አልሰማሁም። እኛ ስንባል በሽታችንን ለሐኪም ሳይሆን ለፈጣሪ ብቻ የምንናገር ሰዎች ነን፤ እሱንም በሹክሹክታ። አሁን ሳስበው ያንገበግበኛል።

ሁለተኛው ፎቅ ላይ የአቡ ፈህድ ቤተሰብ ይኖራል። እሱ መሥሪያ ቤት ይሠራል፣ ሚስቱ፣ መዳም የምንላት፣ አስተማሪ ናት፣ ልጆቹ ስድስት ናቸው። ሠራተኛቸው ሰዓዳ ትባላለች፤ የሐርቡ ልጅ፣ ከእኔ አገር የአንድ ቀን መንገድ። ሲቀጥሯት ሁለት ሆነው ነበር የሚሠሩት፤ ሁለተኛዋ በማባረሩ ሰሞን ሄደች። ከዚያ በኋላ አዲስ ሠራተኛ ካገር ቤት መምጣት ቆመና የሁለቱም ሥራ ሰዓዳ ላይ ወደቀ። ዓርብ ቀን ደግሞ ለመዳም እህት ቤት ትሰጣለች፤ አዎ፣ እንደ ድስት ነው የምትሰጠው። ከቤት መውጣት የለም። እንዳትወጣ በር የምጠብቀው ደግሞ እኔ ነኝ፤ የሕንፃው ባለቤት፣ የእኔ ከፊል፣ ማለት አሠሪዬና ዋሴ፣ «ሠራተኞች ያለ ባለቤቶቻቸው ፈቃድ ከዚህ በር እንዳያልፉ» ብሎኛል። እሺ ብያለሁ። ኢቃማዬ በእሱ እጅ ነው የሚታደሰው፤ እሺ ከማለት ሌላ ምን ልል ኖሯል?

ሰዓዳን የማገኛት በቆሻሻ ሰዓት ነበር። ከሰዓት በኋላ፣ ከአስር ሶላት በፊት፣ ቤቱ ተኝቶ ሳለ ቆሻሻ ይዛ እስከ በሩ ትወርዳለች፤ እኔ ተቀብያት ውጭ ያለው በርሜል ውስጥ እጥላለሁ። እሷ ብልጥ ናት፤ ያንዱን ቀን ቆሻሻ ለሁለት ከረጢት ትከፍለዋለች። ሁለት ከረጢት ከሆነ ሁለት ጊዜ ትወርዳለች፤ ሁለት ጊዜ ከወረደች ሁለት ጊዜ ከሰው ጋር ታወራለች።

«ጋሽ ተሰማ፣ ዛሬም አልሞትክም?»

«አንቺን ሳልድር የት እሄዳለሁ?»

«አቦ ተወኝ! ቶብ ላይ ኮት ደርበህ ሠርግ የጠፋበት ሚዜ መስለህ፣ አንተን አይቶ ማን ያገባኛል?»

«ቆሻሻው ቀለለ ዛሬ። ሌላው የት አለ?»

«እሱማ ለሁለተኛው ዙር ነዋ! ቆይ፣ አሁን መጣሁ።»

ሳቋ ደረጃውን ይሞላው ነበር። እጇን በአፏ ከድና ነው የምትስቀው፣ ፎቅ እንዳይሰማ። እኔም የባጥሐውን ካርድ ስልኬ ላይ አድርጌ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጌ አንድ መንዙማ አሰማታለሁ። ዓይኗን ጨፍና ግድግዳውን ትደገፋለች። ደቂቃዋ ስታልቅ «ያላ፣ ደወሉ ሳይጠራኝ» ብላ ትሮጣለች።

ስለ ደወሉ ልናገር። ወጥ ቤቱ ውስጥ ደወል አለ። ሳሎን፣ መኝታ ቤት፣ ልጆቹ ክፍል ቁልፍ ቁልፍ አለ፤ ተጫኑት ማለት ወጥ ቤት ውስጥ እንደ ተቆጣ ንብ ይጮኻል። ውኃ ሲጠማቸው ደወል። ቻርጀር ሲጠፋ ደወል። ትራስ ሲወድቅ ደወል። ቁርስ ስትሠራ ደወል፣ ስትሰግድ ደወል፣ አንድ ጉርሻ አፏ ውስጥ ሳለ ደወል። ሽቦውን ከኤሌክትሪክ ሠራተኛው ጋር ሆኜ በግድግዳው ውስጥ የዘረጋሁት እኔ ነኝ። ያን ቀን መዳም ቀዝቃዛ ጭማቂ ሰጥታኝ «እጅህ ይባረክ» ብላኝ ነበር። እኔም ደስ ብሎኝ ጠጣሁ።

ሰው ሲሰበር ድምፅ ያለው ይመስለኝ ነበር። የለውም። የሰዓዳ መሰበር የጀመረው በከረጢቱ ነው። ከረመዳን በኋላ፣ ያ ወር እንግዳው የማይነጥፍበት፣ ሌሊቱ ቀን ቀኑም ቀን የሚሆንበት ወር ካለፈ በኋላ፣ አንድ ቀን አንድ ትልቅ ጥቁር ከረጢት እየጎተተች ወረደች። አንድ ብቻ። «ሁለተኛውስ?» አልኳት። «ምን ያደርግልኛል ጋሼ፣ በአንድ ይበቃል» ብላ ወጣች። ደክሟት ነው ብዬ ተውኩት። በማግስቱም አንድ። ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ አንድ። ቀልዷ ቆመ። መንዙማውን ከፍቼ ሳሰማት «ዝጋው፣ ጆሮዬን ይበላኛል» አለችኝ። ጨው ሁለት ጊዜ እየጨመረች ወጥ አበላሸች፤ የአቡ ፈህድን ቶብ ካውያ አስቀምጣበት ረስታ አቃጠለች፤ ያንዱን ልጅ ስም ጠርታ ሌላውን ትመልሳለች። ልቧ ተቀምጣም እንደ ሮጠ ሰው ይመታባታል፤ ሆዷ እህል አይቀበልም፤ ራሷን ያማታል። «ኪኒን አምጣልኝ» ትለኛለች፣ ከባጥሐ አመጣላታለሁ፤ ከዚያው እሽግ እኔም ጥርሴን ሲያመኝ እቅማለሁ። ጥርሴን ደግሞ ያመኝ የነበረው ሌሊት ስለማፋጨው እንደሆነ ያኔ አላውቅም ነበር። እና እኔ፣ ሽማግሌው፣ አዋቂው፣ ምን አልኳት? «ቻይው። ኮንትራትሽ ሊያልቅ ነው፤ ሰነፍ ነው የሚያማርረው፣ አንቺ የወሎ ልጅ አይደለሽ?» አልኳት። አፌን!

አንድ ቀን ከረጢቱን ሰጥታኝ አልተመለሰችም። ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። «ጋሼ፣ አንዴ ልቀመጥ። ትንሽ ብቻ» አለችኝ። ከበሩ በላይ የከፊሌ ካሜራ አለ። ቀና ብዬ አየሁት። «ተነሽ፣ ያዩናል። ያላ ውጪ» አልኳት። ተነሳች። ግድግዳውን እየዳበሰች እንደ አሮጊት ወጣች። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር። ከሰው ሁሉ፣ ከአቡ ፈህድም ከመዳምም ይልቅ፣ በዚያች ቀን በራሴ ነው የምናደደው። ደረጃ እኮ ነው የለመነችኝ! ሲሚንቶ!

ከዚያ ሌላ ነገር መጣ። ቆሻሻ እየሰጠችኝ ድንገት ትደነግጥና «ደወል ተደወለ አይደል?» ትለኛለች። ታች ሆኖ ደወሉ አይሰማም፤ በሁለት ግድግዳና በአንድ ፎቅ የተዘጋ ነገር ነው። «አልተደወለም» እላለሁ። «ተደውሏል፣ ወላሂ ሰማሁት» ብላ ትሮጣለች። ተኝታም ትሰማዋለች፤ ብድግ ብላ ወጥ ቤት ስትደርስ ማንም የለም። ቀጥሎ ፀጉሯ መርገፍ ጀመረ። አይቼው አይደለም፣ ሻሽ ከራሷ አይወርድም፤ ራሷ ነች የነገረችኝ። «ሲበጠር ሳይሆን ሲነካ ነው የሚመጣው ጋሼ። ጂን ነው። ሌላ አይደለም» አለችኝ። እኔም አመንኩ። የሰው ዓይን ነው፣ ወይ ጂን ነው፣ ብቻ አንድ ነገር ለክፏታል አልኩ። ሰው በድካም ብቻ እንዲህ ይሆናል ብሎ የነገረኝ ሰው የለም። ድካም በእኛ ዘንድ በሽታ አይደለማ፣ ስንፍና ነው! ስለዚህ እናቴ ለእህቶቼ የምትነግረውን ነገርኳት። «የረገፈውን ቆሻሻ ውስጥ እንዳትጥይው፤ ሰው አግኝቶ መተት ይሠራበታል። አንዷንም ሳታስቀሪ ልቀሚና በመሐረብ ቋጥረሽ ደብቂው። አገርሽ ስትገቢ ትቀብሪዋለሽ።» ነጭ መሐረብ ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋት። ከባጥሐ የገዛሁት፣ ጠርዙ ሰማያዊ። እሷም እንዳልኳት አደረገች፤ ስትጨምርበት ትፈታለች፣ መልሳ ትቋጥራለች፣ እንዳይፈታ ደግሞ ቋጠሮ በቋጠሮ ላይ።

አሁን ይህን የሚያነብ ሪያድን የሚያውቅ ሰው ካለ እዚህ ላይ እጁን በአፉ እንደሚጭን አውቃለሁ። በዚያ አገር በሠራተኛ ፍራሽ ሥር የተቋጠረ ፀጉር መገኘት ምን ማለት እንደሆነ እኔም ማወቅ ነበረብኝ። ያን ያህል ዓመት ኖሬያለሁ። ግን አላሰብኩትም። የራሴን ፍርሃት እንጂ የእነሱን ፍርሃት አላሰብኩም።

የሥራ ቀን ነው፣ ከቀትር ሶላት በኋላ። አቡ ፈህድ አንድ ላስቲክ ከሰውነቱ አርቆ፣ የሞተ አይጥ እንደያዘ ሰው አንጠልጥሎ ወረደ። ከኋላው መዳም፣ ከእሷ ኋላ ሰዓዳ። ሰዓዳ አታለቅስም። ፊቷ ባዶ ነው፣ ሰው ያልገባበት ቤት ይመስላል።

«ያ ተሰማ፣ ና ተርጉም» አለኝ። ላስቲኩን ከፈተው። መሐረቤን አየሁት።

«ይህ ከፍራሿ ሥር ተገኘ። ፀጉር ነው፤ ተቋጥሯል። ሲሕር ነው» አለ። ሲሕር ድግምት ነው። መዳም ከኋላ ሆና፣ «ስድስት ወር ሙሉ ራሴን እያመመኝ፣ ቤቴ በጭቅጭቅ እየታመሰ! ፀጉሬን ከማበጠሪያዬ ላይ ሰብስባ ነው! ፖሊስ ጥራ! አሁን ጥራ!» ትላለች። አቡ ፈህድ በሌላው እጁ ስልኩን ይዟል፤ ቁጥሩን አውጥቶታል። ሲሕር ተብሎ የተያዘ ሰው ወደ ተርሒል፣ ወደ ማባረሪያው እስር ቤት፣ ሄዶ፣ ካገር ተባርሮ አይገላገልም። መጨረሻውን አላውቅም፤ ሲመለስ ግን አላየሁም።

«የማን ፀጉር ነው በላት» አለኝ።

በአማርኛ ጠየቅኳት። «የኔ ነው» አለች፣ ድምፅ በሌለው ድምፅ።

«ለምን ቋጠረችው? ማን አዘዛት?»

ተረጎምኩ። እሷ ቀና ብላ አየችኝ። በአንድ ቃል ልትጥለኝ ትችል ነበር፤ «እሱ ነው» ብትል፣ ጣቷን ብታነሳ፣ አለቀ። ዝቅ አለችና «ራሴ ነኝ ያሰብኩት በላቸው። ማንም አላዘዘኝም» አለችኝ። ከዚያ ዝግ ብላ «አንተ ዝም በል ጋሼ፣ ያንተም ልጅ አለች» ጨመረች።

ዝም አልኩ። ውጭ አንድ መኪና ጥሩንባ ነፋ፣ የጎረቤት አየር ማቀዝቀዣ ውኃ ያንጠባጥባል፣ እኔ ቆሜያለሁ። ያች ልጅ ቆማ ለመዋል አቅም የላትም፣ እኔን ግን ትሸከማለች! አንዱን ከረጢት ለሁለት መክፈል ያቃታት ልጅ እኔን ሽማግሌውን በጫንቃዋ ላይ ጨመረች። ያኔ ነው ደሜ የፈላው። አቡ ፈህድ ስልኩን ወደ ጆሮው ሲያነሳ «ያ አቡ ፈህድ፣ ቆይ። እኔ ነኝ» አልኩ።

«ምን አንተ?»

«መሐረቡ የኔ ነው። ቋጥሪው ያልኳት እኔ ነኝ። በአገራችን የረገፈ ፀጉር አይጣልም፤ መተተኛ እንዳያገኘው ይቀበራል። ሲሕር ልትሠራ አይደለም፣ ሲሕር ፈርታ ነው። እንዳንተ! እንደ መዳም!»

«ትዋሻለህ።»

«መዳም ክፍል ታስገባትና ሻሿን ገልጣ ትያት። ከዋሸሁ ሁለታችንንም አስወስደን።»

መዳም መጀመሪያ እምቢ አለች፣ መንካት ፈራች። በኋላ ገቡ፣ የእኔው ክፍል ውስጥ፣ በሩን ዘግተው። አንድ ደቂቃ አልቆዩም። መዳም ስትወጣ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። ለባሏ «ግማሽ ራሷ መላጣ ነው» አለችው። «መዳፍ የሚያህል፣ እዚህም፣ እዚህም።» ከዚያ ሰዓዳን ዞራ አየቻት፤ ሦስት ዓመት አብራት ኖራ ያን ቀን ገና ያየቻት ይመስል። አቡ ፈህድ ስልኩን ኪሱ ውስጥ መለሰ።

በሽታዋ ወደ ልጆቹ እንዳይተላለፍ ፈሩና በዚያው ከሰዓት ክሊኒክ ወሰዱን፤ እኔ አስተርጓሚ። ሐኪሙ ሱዳናዊ ሽማግሌ ነው፣ መነጽሩ በክር የታሰረ። የደም ግፊቷን ለካ፣ ልቧን አዳመጠ፣ ጥፍሯን አየ። ብዙ አልጠየቀም። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቃት አለኝ። «ማንም ሳይቀሰቅሳት፣ ደወል ሳይጠራት፣ እንቅልፍ በቅቷት በራሷ የነቃችው መቼ ነው?»

ጠየቅኳት። ጣሪያውን አየች። ጣቷን አየች። ቆይታ ቆይታ፣ «አውሮፕላን ላይ» አለች። «ስመጣ። ሲያርፍ ነቃሁ።»

ተርጉሜ መጨረስ አቃተኝ። ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። ከዚያ ለአቡ ፈህድ በዝግታ፣ ለልጅ እንደሚያስረዳ አስረዳው፤ እኔም ሰማሁ፣ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ሰውነት አደጋ ሲመጣበት ይነሳል አለ፤ ልብ ይመታል፣ ደም ይሮጣል፣ ሆድ ይዘጋል፣ እንቅልፍ ይሸሻል፤ ለመሮጥ ወይም ለመታገል ነው። አደጋው ሲያልፍ ይበርዳል። የዚች ልጅ አደጋ አላለፈም። ሦስት ዓመት ሙሉ ሰውነቷ ቆሞ እየጠበቀ ነው። እየሮጠ ያለ ሰውነት ፀጉር ለማብቀል ጊዜ የለውም፣ ምግብ ለመፍጨትም፣ ነገር ለማስታወስም። ትንሽ ቆይቶ ግፊቱን ያመጣል፣ ልቡን ይይዛል። «ጂን አይደለም፣ ሲሕርም አይደለም፣ ስንፍናም አይደለም። ዝለት ነው» አለ።

አቡ ፈህድ «መድኃኒት ጻፍላት» አለው።

«መድኃኒቱ እኔ ዘንድ የለም፣ አንተ ቤት ነው ያለው። አንድ ወር ትተኛ። ከዚያ በየሳምንቱ አንድ ሙሉ ቀን የራሷ ይሁን።» ጽፎ ሰጠው። ልንወጣ ስንል እኔን ያዘኝና «አንተስ ሽማግሌ?» አለኝ።

«እኔ ደህና ነኝ።»

«ሐበሻ ሁሉ ደህና ነው» ብሎ ክንዴን ስቦ ግፊቴን ለካ። ቁጥሩን ሲያይ ዓይኑ ፈጠጠ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ኪኒን እውጣለሁ፣ ዛሬም እውጣለሁ።

አቡ ፈህድ ያችን ወረቀት አራት ቦታ አጥፎ ኪሱ ከተታት። ክፉ ሰው ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ክፉ አልነበረም፤ በረመዳን ለድሃ ሩዝ በጆንያ የሚያድል፣ ድመት ላለመግጨት መኪና የሚያቆም ሰው ነው። ቤቱ ውስጥ አንድ ሰው ደወል ሆኖ መቅረቱን ግን አላየም። አንድ ወር የተባለችው ሦስት ቀን ተኛች። በአራተኛው ቀን ደወሉ ጮኸ። እዚያው ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣ ወጥ ቤቱ መስኮት ሥር ደረጃ እየጠረግኩ ነበር፣ በጆሮዬ ሰማሁት። ትራስ ወድቆ ይሆናል!

እኔ ግትር ነኝ፤ ሚስቴ፣ ነፍሷን ይማር፣ በግትርነቴ ተማርራ ነው የሞተችው። መጥረጊያዬን ጣልኩና መሣሪያ ሳጥኔን አንስቼ ወጣሁ። «መዳም፣ አየር ማቀዝቀዣው ውኃ እያፈሰሰ ነው፣ ግድግዳው ውስጥ ያለውን ሽቦ ልየው» አልኳት። ግድግዳው ላይ ያለውን የሽቦ ሳጥን ከፈትኩ፣ የደወሉን ሽቦ አወቅኩት፣ የራሴ እጅ የዘረጋው ነዋ። ቀጭ! «ደወሉ ተበላሽቷል መዳም። ዕቃው ይታዘዝ፣ ኢንሻአላህ ሲመጣ እሠራዋለሁ።» ኢንሻአላህ ያልኩት አምላክ እንዳይፈቅድ ነው።

ከሳሎን እስከ ወጥ ቤት አሥራ ሁለት እርምጃ ነው፤ ተራምጄ ቆጥሬዋለሁ። መዳም አንድ ነገር ስትፈልግ አሥራ ሁለት እርምጃ መሄድ ነበረባት። እና ምን ሆነ? መጥራት ቀነሰች! ልጆቹም ውኃቸውን ራሳቸው መቅዳት ጀመሩ። ያ ሁሉ ጥሪ፣ ያች ልጅ ፀጉሯን ያራገፈችበት ጥሪ፣ ከአሥራ ሁለት እርምጃ የማይበልጥ ዋጋ ነበረው። በጨካኝ ሰው ብትሰበር እሺ። በአሥራ ሁለት እርምጃ ነው የተሰበረችው።

ዕቃው ሁለት ወር አልመጣም፤ በየሳምንቱ «መንገድ ላይ ነው» እላለሁ። ሰዓዳ በዚያ መሐል ትንሽ ሰው ሆነች፤ አንድ ቀን እንኳ ከረጢቱን ለሁለት ከፍላ ወረደች። ግን መዳም ያን ቋጠሮ ካየች ወዲህ ከእሷ እጅ ምግብ መብላት ፈራች። ሐኪም ተናግሮ፣ ራሷም በዓይኗ አይታ፣ ፈራች። አቡ ፈህድ መውጫ ቪዛ አስመታላትና አሰናበታት። ነፃ የወጣችው አዝነውላት አይደለም፣ ፈርተዋት ነው። ያውም ሆኖ እሰየው አልኩ።

በሄደችበት ቀን ሻንጣዋን አውርጄ በሩ ላይ ሳቆም እሷ ተመልሳ ወጣች። ቆይታ አንዲት ትንሽ የቆሻሻ ከረጢት ይዛ ወረደች።

«ዛሬም ቆሻሻ? ኸላስ፣ ጨርሰሻል እኮ!» አልኳት።

«ሁለተኛው ዙር ነው ጋሼ» አለችና ሳቀች፣ እጇን አፏ ላይ ሳትከድን። መሐረቡ ውስጡ ነበር፣ አቡ ፈህድ አቃጥል ብሎኝ ያላቃጠልኩት፣ ለእሷ የመለስኩላት። «ይጣል። ከዚህ በላይ ማን ምን ያደርገኛል?»

በርሜሉ ውስጥ ጣልኩት። በሩንም ከፈትኩላት። ያን ሁሉ ዓመት ስጠብቀው የኖርኩት በር ለመከፈት ያን ያህል ቀላል መሆኑ ገረመኝ።

ከዓመት በኋላ ከሐርቡ ደወለችልኝ። «ፀጉሬ በቅሏል ጋሼ፣ አብሽር፣ ልታጭልኝ ትችላለህ» አለችኝ። ሳቅሁ። «እንቅልፍስ?» አልኳት። «ደወሉ አብሮኝ መጥቷል» አለች። «እዚህ መብራት እንኳ የለም፣ ከየት ይጮኻል? ግን ይጮኻል።»

እና ትናንት ልጄ «ስልኬ ጠራ እንዴ?» አለችኝ። ያኔ ሪያድ የሄድኩት እሷን ትምህርት ቤት ላስተምር ብዬ ነው። «ደህና ነኝ» ማለትን ያስተማርኳትም እኔው ነኝ፤ ግፊቴ ሊገድለኝ ሲደርስ ከባጥሐ ደውዬ ደህና ነኝ እያልኩ ያሳደግኳት እኔ ነኝ።

ዛሬ ጠዋት ገና ሳይነጋ ተነስቼ ወንበር አወጣሁና የውጭ በሩ ላይ፣ ከውስጥ በኩል፣ ጀርባዬን በሩ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ሕይወት ቦርሳዋን አንጠልጥላ መጣች።

«አባዬ፣ ተነስ፤ ረፈደብኝ።»

«አትወጪም።»

«ምን ሆነሃል? አሞሃል?»

«ማንም ሳይቀሰቅስሽ፣ ስልክ ሳይጠራሽ፣ እንቅልፍ በቅቶሽ የነቃሽው መቼ ነው?»

«አባዬ ሙት፣ ለቀልድ ጊዜ የለኝም!»

«መልሺልኝና እነሳለሁ።»

ጣሪያውን አየች። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ ክሊኒክ ውስጥ አይቼዋለሁ። ቦርሳው ከትከሻዋ ወረደ፣ እሷም ተከትላው ወለሉ ላይ ቁጭ አለች፣ ከነጫማዋ። «አላስታውስም» አለች፤ ከዚያ ልጅ ሳለች እንደምታለቅሰው አለቀሰች። «ደህና አይደለሁም፣ አባዬ።» ተነሽ አላልኳትም። እስኪበቃት ተቀመጠች። በኋላ ራሷ ተነስታ ሄዳ ተኛች።

አሁን ቀትር አልፏል። እዚሁ ወንበሩ ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው። ቅድም ስልኳ በእውነት ጠራ። አነሳሁት። አለቃዋ ነው።

«ሕይወት የት ናት? ለምን አልገባችም?»

«ተኝታለች።»

«ታማ ነው? መቼ ነው የምትነሳው?»

«ሲበቃት።»

«አባት፣ እኔ ሰዓት ነው የጠየቅኩዎት።»

«እኔም የመለስኩት ሰዓት ነው» አልኩና ዘጋሁበት። ስልኩን አጥፍቼ ኮቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። እንደገና አዳመጥኩ። ከመኝታ ቤቱ ትንፋሽ ብቻ ነው የሚሰማው። ወንበሬን በሩ ላይ አስጠጋሁ።